ውሃ በሰላም የማያስጠጣ ሰው

ባየህ በልጅነቱ አንድ ጊዜ ሞቶ ነበር። ይህን የማውቀው ራሱ ስለ ነገረኝ ነው። ለእኔ ብቻ ሹክ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ከሃይፋ ወደብ እስከ ክርያት አታ ድረስ ይህን ታሪክ ያልሰማ የአገራችን ሰው ቢገኝ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ መሆን አለበት፤ እሱም ቢሆን እስከ ማታ ይሰማዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል ተቅማጥና ትውከት መንደራቸው ገባ። ጎርፉ ከደጋ ያጠበውን ሁሉ ወንዝ ውስጥ ከተተው፤ ወንዙ ደግሞ ለሰው አጠጣው። ከቤቱ ልጆች ባየህ ብቻ ቀረ፤ እሱም ቀረ ከተባለ ነው። በነጠላ ሸፍነውት የቀብር ሰው ሲጠሩ፣ በበቅሎ ከከተማ የመጣ አንድ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት ማለት ነው፣ ነጠላውን ገልጦ አየውና "ይህ ልጅ ተጠምቷል እንጂ አልሞተም" አለ። ውሃ አስፈልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ጨውና ማር ጠብ አድርጎበት በማንኪያ ሲያጠጣው ዋለ። ባየህ ተነሣ። ተነሥቶም ይኸው እስከ ዛሬ አልተቀመጠም።

ሞትን ያሸነፈ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዕድሉን አመስግኖ ዝም ብሎ ይኖራል። ሌላው የተረፈበትን ምክንያት ለዓለም ሲያስተምር ይኖራል፤ ዓለም ማለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤቱ ነው። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። የእናንተው ምናልባት የነጭ ሽንኩርት ሊቅ ይሆናል፤ ወይም በባዶ ሆድ ስለ መራመድ ይሰብካል። የእኛው ሊቅነቱ በውሃ ነው። እኔ በግዕዝ ከበድ እንዲል አድርጌ "ክቡር ሊቀ ማያት" ብዬዋለሁ። ለስድብ ነበር ያወጣሁት። እሱ ግን ወደደው፤ አሁን የገዛ ልጆቹ በዚህ ማዕርግ ይጠሩታል።

በሠርግ ላይ አይታችሁት ከሆነ ታውቁታላችሁ። ሙሽሮቹ ገና ሳይገቡ፣ ሰው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮላ ሲከፍት፣ ክቡር ሊቀ ማያት ከዘራውን ይዞ ጉብኝት ይጀምራል። ጠርሙስ ያነሣል፣ ወደ ብርሃን አድርጎ ያያል፣ መልሶ ያስቀምጣል፤ ልክ የተሰረቀ ዕቃ ያገኘ ፖሊስ ይመስላል። ባለፈው የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ወደኔ መጣ።

"ታፈረ፣ ስኳርህ እንዴት ነው?"

"ደኅና ነው። ሰላም ብሎሃል" አልሁት።

"እኔ ግን እሱን ሰላም አልለውም" ብሎ ከፊቴ ያለውን ብርጭቆ አንሥቶ ለአስተናጋጁ ሰጠና ውሃ አስቀዳልኝ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ሴቶቹ "እሰይ አባ ባየህ! አንቱ ባይኖሩ ማን ይቆጣጠረን ነበር!" አሉ። እኔ ከዚያ በፊት በነበረው ሠርግ ላይ ይህንኑ ነገር፣ ያውም ከመጽሐፍ ጠቅሼ፣ ተናግሬ ነበር። የገዛ ልጄ "አባ፣ ሰውን ብላ ጠጣ በሉት እንጂ" ብላ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

በአውቶቡስም እንዲሁ ነው። ከክርያት አታ ስንመለስ አንድ የእኛው ልጅ፣ ወታደር፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አድርጎ ብርቱካን የመሰለ ነገር ይጠጣል። እኔ ቀድሜ ሻንጣውን ከወንበሩ እንዲያነሣ በትሕትና ነገርሁት፤ ጆሮው ላይ ያለውን ማዳመጫ እንኳ አላነሣም። ባየህ ጎንበስ ብሎ ጠርሙሱን በከዘራው ነካ አደረገ።

"ልጄ፣ ስምህ ማነው?"

"ዮታም።"

"ዮታም፣ ይህ የሚጠጣ ነው ወይስ ግድግዳ የሚቀባ?"

ልጁ ማዳመጫውን አውልቆ ሳቀ። "ቤሰደር፣ ሳባ፣ ቤሰደር" አለ፤ በዕብራይስጥ "ቤሰደር" እሺ፣ "ሳባ" አያት ማለት ነው። ወደ ከተማ እስክንገባ ድረስ ሁለቱ ስለ ኩላሊት ሲያወሩ መጡ። ልጁ ሲወርድ የባየህን ጉልበት ሳመ። ሻንጣው ግን እስኪወርድ ድረስ እዚያው ወንበር ላይ ነበር፤ እኔ ቆሜ ነው የመጣሁት።

አንድ ጊዜ ደግሞ በሕንጻችን የቧንቧ ጥገና ተደርጎ ውሃው የሻይ ቀለም ይዞ መጣ። ባየህ ከኛ በላይ ነው የሚኖረው። ከላይ እስከ ታች በየበሩ እየደበደበ "አትጠጡ! እስኪጠራ ይፍሰስ! ከዚያ አፍሉት፤ ክደኑት፣ ተዉት!" ሲል ሰማሁት። ይህች የመጨረሻዋ፣ "ክደኑት፣ ተዉት" የምትለው፣ የታወቀች ቃሉ ናት። ድስት ባየ ቁጥር ይላታል። የተጣሉ ባልና ሚስት ፊት እንኳ ይላታል፤ ሽማግሌዎች ሆነን ግማሽ ቀን የደከምንበትን ጠብ ባየህ ዘግይቶ ገብቶ "ክደኑት፣ ተዉት!" ሲላቸው ታርቀው ያውቃሉ።

እንግዲህ የኔን በር ሲመታ እልህ ያዘኝ። ብርጭቆ ሞልቼ ቀድቼ በሩን ከፈትሁለት።

"ይህ በመሐንዲስ የሚመጣ ውሃ ነው፤ የመንደር ወንዝ አይደለም" አልሁና ፊቱ ጨለጥሁት።

"ጀግና" አለና ወደሚቀጥለው በር ሄደ።

በማግስቱ ሆዴን የነካኝ ያን ዕለት ቁርስ ላይ የበላሁት ሰርዲን ነው። ይህን ለባለቤቴ ለይርገዱ በዝርዝር አስረድቻታለሁ። "ባየህ ነግሮህ አልነበር?" ነው መልሷ። "ባየህ እንዳለው" የሚለው ቃል በቤቴ ውስጥ ከጸሎት ይበልጥ ይደጋገማል። ይርገዱ ከእኔ ጋር ከወጣትነቷ ጀምሮ ኖራለች፤ አንድ ቀን "ታፈረ እንዳለው" ስትል ሰምቻት አላውቅም።

እንደምትገምቱት እቀናለሁ። አልደብቅም፤ በኔ ዕድሜ ቅናት እንደ ጉልበት ሕመም ነው፣ ቢደብቁትም አካሄድ ላይ ይታወቃል። እኔ ጡረታ እስክወጣ በወደቡ በር ላይ ዘብ ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ በዚያችው የዘብ ክፍል ውስጥ፣ የልጅ ልጆቼን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ተውሼ፣ ያለ አስተማሪ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ስለ ውሃም፣ ስለ ተላላፊ በሽታም፣ ስለ ምንጭ አጠባበቅም በአማርኛና በቀላል ዕብራይስጥ አንብቤያለሁ። ባየህ መነጽር እንኳ የለውም። ሰው ግን የሚጠይቀው እሱን ነው።

ቅናቴ የጀመረው ግን ሃይፋ አይደለም። አገር ቤት ነው፤ የጀመረውም በእናቴ ነው።

መንደራችን ከጎንደር ከተማ ራቅ ያለ፣ ወንዝ ዳር የተቆረቆረ ነበር። እኛ ቤተ እስራኤሎች ወንዝ ዳር የምንሰፍርበት ምክንያት አለን። የረከሰ ሰው የሚነጻው በወራጅ ውሃ ነው፤ ሬሳ የነካ ይታጠብበታል፣ አራስ ትታጠብበታለች፣ ከባዕድ ገበያ የተመለሰም እንዲሁ። ስለዚህ ወራጅ ውሃ ሊያሳምም ይችላል ብሎ መናገር በኛ ዘንድ ፀሐይ ታጨልማለች እንደ ማለት ነበር። በደርግ ጊዜ ባየህ የጤና ወኪል ሆኖ ጥቂት ወራት ሠልጥኖ ወደኛ መንደር ሲላክ እኔ በሌላ ወረዳ አጎቴ ዘንድ ብረት ቅጥቀጣ እማር ነበር። ስመለስ ከሁሉ አስቀድሜ ያየሁት ጥግ ላይ የተቀመጠ ክዳን ያለው እንስራ ነው። ጠምቶኝ ክዳኑን ሳነሣ እናቴ እጄን መታችኝ።

"ተወው! ባየህ ክደኑት ብሏል።"

ከስንት ጊዜ በኋላ ቤቴ ገብቼ ሳትስመኝ ነው የመታችኝ። "ባየህ ማነው?" ብዬ ጠየቅሁ። ይኸው እስከ ዛሬ እየጠየቅሁ ነው።

ፍርድ አልነፍገውም፤ የሠራውን ሥራ ልናገር። መጀመሪያ ሴቶቹን ውሃ አፍሉ ብሎ አስተማራቸው፤ አፈሉ። ልጆቹ ግን መታመማቸውን አላቆሙም። ሌላ ሰው ቢሆን ዋሽተውኛል ብሎ ይሳደብ ነበር። ባየህ ቤት ለቤት እየዞረ ማየት ጀመረ። አንድ ቀን እናቴ ውሃ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ እንስራ ውስጥ ከገለበጠች በኋላ ከወንዝ የተቀዳ አንድ ቅል ጥሬ ውሃ ስትጨምርበት አያት።

"እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ልጄ፣ እሳት የነካው ውሃ የሞተ ውሃ ነው። ነፍስ እንዲዘራ ብዬ ነው" አለችው። መንደሩ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። በሽታውን በእሳት አስወጥተው በቅል መልሰው ያስገቡት ነበር፤ ያውም በበጎ ልብ።

እዚህ ላይ ነው የማልምረው። እኔ ብሆን እስቅ ነበር፤ ወይም እናቴን እከራከራት ነበር፤ ተሸንፌም እወጣ ነበር። እሱ አልሳቀም፣ አልተከራከረም። ወደ ቄሱ ሄደና ጫማቸውን ስሞ ተቀመጠ።

"አባ፣ በሰንበት ውሃ ይቀዳል?"

"ምን ነካህ? አይቀዳም! እሳትም አይነድም።"

"እንግዲያ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፈልቶ የተከደነ ውሃ ላይ በሰንበት ማን ይጨምርበታል?"

"ማንም አይጨምርበትም። ሰንበትን ይጠብቃል።"

"ይባርኩልኝ" አላቸው። ቄሱ በሚቀጥለው ዓርብ እየዞሩ የተከደነውን እንስራ ሁሉ ባረኩ። ወንዙ አልተሰደበም፣ እናቶቹም አላፈሩም። የሰንበት ውሃ የሚባል ነገር በመንደሩ ተፈጠረ። እናቶቹ ራሳቸው ውለው አድረው ልጆቻቸው በሰንበት ውሃ እንደማይታመሙ አዩ። ከዚያ እናቴ "እግዜር የባረከው በሰንበት ብቻ ለምን ይጠጣ?" ብላ በየቀኑ እንደ ዓርብ ማፍላት፣ እንደ ሰንበት መክደን ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ክረምቱ ሲወጣ በመንደራችን የተቀበረ ሕፃን አልነበረም። ይህን ስጽፍ ብዕሬ በግድ ነው የሚሄደው፤ ግን እውነት ነው።

አሁን ወደዚህ ዓመት ልምጣ።

ሃጋር የምትባል የእኛው ልጅ አለች፤ በአንድ ክሊኒክ ነርስ ናት። ከጓደኞቿ ጋር ሆነው ዛሬ የኛን መንደር የሚያጠጣውን ምንጭ ሊያጥሩ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ሊያበጁ፣ አሁን እዚያ የሚኖሩትንም ስለ ውሃና ጤና ሊያስተምሩ ተነሡ። ከበዓላችን ከስግድ በኋላ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ይሄዳሉ። አንድ ሽማግሌ አብሮ እንዲሄድ ይፈልጋሉ፤ የአገሩን ወግ የሚያውቅ፣ ሕዝቡን የሚያናግር። አንድ መቀመጫ ብቻ ነው ያላቸው። የሚመርጠው የአረጋውያኑ ሞዓዶን ነው፤ በየሳምንቱ ረቡዕ የምንገናኝበት ክበባችን ማለት ነው።

ያቺን መቀመጫ እንደ ፈለግሁ በሕይወቴ የፈለግሁት ነገር የለም። የእናቴ መቃብር እዚያ ነው። የተወለድሁበት መንደር ነው፤ ባየህ ተመድቦ የመጣበት እንጂ የተወለደበት አይደለም። ደግሞም አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ሲሰማኝ ማየት ፈለግሁ። ንግግር አዘጋጀሁ። ርእሱ "ስለ ንጹሕ ውሃ ጥቅምና ስለ ማኅበረሰብ ጤና አጠቃላይ ማብራሪያ" ይላል።

ባየህም በዚያ ሰሞን ትዕቢቱ ብሶበት ነበር። በብርጭቆ በረዶ ይዞ ይመጣና አንዷን ቁራጭ አፉ ውስጥ አድርጎ ሲያገላብጥ ይውላል፤ እኛ ቧንቧ ስንጠጣ እሱ በረዶ! ይባስ ብሎ እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ይመጣለት ጀመር። ሹፌሩ ወርዶ በር ይከፍትለታል። ወዴት እንደሚሄድ ለማንም አይናገርም። እኔ ግን ገባኝ። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ምናልባትም በክርያት ቢያሊክ፣ ንግግር እንዲያደርግ በቋሚነት ይዞታል። በሳምንት ሦስት ቀን! ይርገዱን "አየሽ፣ ለሱ ታክሲ ይላካል" ስላት "ታዲያ ተናጋሪ ነዋ" አለችኝ። ለኔ ብስክሌት እንኳ የላከልኝ የለም።

ረቡዕ ደረሰ። ሃጋር ነገሩን አስረዳችና መጀመሪያ እኔን ጋበዘችኝ። ቆሜ አነበብሁ። ከፍጥረት መጀመሪያ ነው የተነሣሁት፤ የእግዚአብሔር መንፈስ በውሃ ላይ ከሰፈረበት። ወደ ኖኅ ስደርስ ከፊት የተቀመጡት የጆሮ መርጃቸውን ሲያወጡ አየሁ። ሙሴ ከዐለቱ ውሃ ሳያፈልቅ ሃጋር ቀስ ብላ አቋረጠችኝ።

"አባ ታፈረ፣ በጣም ቆንጆ ነው፣ ባኤሜት፣ በእውነት፣ ግን ለሌሎችም ዝማን እንስጥ፤ ጊዜ ማለቴ ነው።"

ተቀመጥሁ። ባየህ ከመቀመጫው አልተነሣም። በረዶውን ከጉንጩ ወደ ጉንጩ አዞረና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። "ሃጋርዬ፣ ምንጩ ከጠራ በኋላ ሴቶቹ ውሃውን ወደ ቤት የሚወስዱት በምንድን ነው? ዘይት በነበረበት ጀሪካን ከሆነ ማን ያጥብላቸዋል?"

ሃጋር ጥያቄውን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። አዳራሹ አጨበጨበ። ምርጫው በእጅ ሲሆን እጅ ሁሉ ለባየህ ተነሣ። ከሁሉ ከፍ ብሎ የተነሣው የይርገዱ እጅ ነበር።

"እጅሽን ምን ነካው?" አልኋት።

"ለውሃው ነው ያነሣሁት። ላንተማ ቤት አለሁልህ" አለች።

የተመረጠው ሰው ደስታውን እንኳ አላሳየንም። "እግዜር ይስጥልኝ፤ መልሴን ከሰንበት በኋላ እነግራችኋለሁ" ብሎ ወጣ። ያስለምነናል! እኔ ሳልለመን እንኳ እሄድ ነበር።

ያን ሰንበት ቅናቴ ልክ አለፈ። ይህ ሰው ምን ቢናገር ነው ሰው የሚሰማው? እሑድ ጠዋት ሱፌን ለብሼ፣ ባርኔጣዬን አድርጌ፣ ከሕንጻው በር ላይ ቆምሁ። ታክሲው መጣ። ባየህ ወጣ፤ አየኝና ቆመ።

"ወዴት ነህ?"

"ካንተ ጋር። አገር ሁሉ ሲሰማህ እኔ ብቻ ለምን ይቅርብኝ? ንግግርህን ልሰማ ነው።"

"ግባ እንግዲህ" አለ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ "ዛሬ አስታማሚ ይዘሃል?" አለው በዕብራይስጥ። የባየህ አገልጋይ መሰልሁት ብዬ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ታክሲው የቆመው አንድ ሆስፒታል በር ላይ ነው። ሐኪሞችንም ያስተምራል ማለት ነው! ጥርሴን ነክሼ ተከተልሁት። ረጅም አዳራሽ ገባን። ወንበሮች በተርታ ተደርድረዋል፤ አድማጮቹም ቀድመው ደርሰዋል፣ ሁሉም ተጋድመዋል። እኔ ሰው ለማስተኛት እስከ ኖኅ መድረስ ነበረብኝ፤ እሱ ገና አፉን ሳይከፍት! ብዬ ልቀልድ ስል ክንዳቸው ላይ የተሰካውን ቱቦ አየሁ። ደማቸው በቱቦው ወጥቶ ማሽን ውስጥ ይዞራል፤ ታጥቦም ይመለሳል።

ሺራዝ የምትባል ነርስ መጥታ ባየህን ሚዛን ላይ አወጣችው። ቁጥሩን አይታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ባየህ! ጠጥተሃል!"

"ጥቂት ነው" አለ ክቡር ሊቀ ማያት፣ እንደተያዘ ተማሪ አቀርቅሮ። "ሰንበት ሞቃት ነበር።"

"ሲጠማህ በረዶ ምጠጥ አላልሁህም? ላንተ ውሃ መርዝ ነው። ስንት ጊዜ ልንገርህ?"

ወንበሩ ላይ አስተኝታ መርፌውን ስትሰካለት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልሁት።

"ከፋሲካ ወዲህ። ኩላሊቴ ደከመ።"

"ማን ያውቃል?"

"ሚስቴ ማንአለብሽ። አሁን ደግሞ አንተ፤ ማለት ነገ ሃይፋ በሙሉ።"

"እኔ ወሬኛ ነኝ?"

"አይ፣ ጸሐፊ ነህ። ወሬኛ እንኳ ይረሳል።"

"ለምን ደበቅህ? ይህ የሚያሳፍር በሽታ አይደለም።"

ወደኔ ዞረ። "ታፈረ፣ ውሃ ጠጡ እያልሁ ያልደረስሁበት ቤት የለም። ዛሬ ባየህ ኩላሊቱ ታመመ፣ ውሃም ተከለከለ ቢባል ሰው ምን ይላል? 'አየህ፣ ውሃው ነው የገደለው' ይላል። በማግስቱ ሁሉም ወደ ኮላው ይመለሳል። የኔስ ሞት የራሴ ነው፤ ትምህርቱን ይዤው ልሙት?"

ሰውየውን ስንት ዘመን ስቀናበት ኖሬ፣ እንዲህ ተጠምቶ እንደሚያስተምር አላውቅም ነበር። እኔ የቀናሁበትን በረዶ እሱ ከጥሙ የተነሣ ነበር የሚመጥጠው።

"ያቺን መቀመጫ አንተ ውሰዳት" አለ። "እኔ በሳምንት ሦስት ቀን እዚህ ታስሬያለሁ።"

"የሰው ትራፊ አልወስድም።"

"ምን ትራፊ ነው? አገርህ ነው። የእናትህ መቃብር ነው።"

"እኔን ማንም አይሰማኝም፣ ባየህ። ራስህ አይተሃል፤ ኖኅ ላይ ነው የተኙት።"

ሳቀ። ሺራዝ ከወዲያ ማዶ "አትንቀሳቀስ!" ብላ ጮኸች።

በዚያው ቀን ከሆስፒታሉ ሆኖ ለሃጋር ደወለላት። ምክንያቱን አልነገራትም፤ "ታፈረ ይሂድ፤ ከኔ ይበልጣል" ብቻ አላት። እሷም "አንቱ ካሉ ቤሰደር" አለች። መቀመጫዋን አገኘሁ፤ ያገኘኋት ግን "ባየህ እንዳለው" ነው። ቅናቴ ለቀቀኝ ብል እዋሻለሁ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ አብሬው በታክሲ እሄዳለሁ። ጎረቤቶቻችን ሁለታችንም ንግግር ለማድረግ የምንሄድ ይመስላቸው ነበር፤ ይርገዱ እንኳ ሱፌን ትተኩስልኝ ጀመር፤ እኔም አላስተባበልሁም። እሱ ደሙ ሲታጠብ እኔ አነብለታለሁ። እንቅልፍ ሲወስደው አቆማለሁ፤ ሲነቃ ካቆምሁበት እቀጥላለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ተሰምቼ አላውቅም፤ መሸሽ ስለማይችል ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሁሉንም እንድጽፍ ፈቀደልኝ። "ጻፈው፤ ግን ኩላሊቴን የጎዳው ውሃ አለመሆኑን ሐኪሙ እንደ ነገረኝ አብረህ ጻፍ፤ ስኳርና ደም ግፊት ነው" አለኝ። ይኸው ጽፌያለሁ።

ትናንት ማክሰኞ ነበር። የጉዞው ቀን ስለ ቀረበ ንግግሬን ከኪሴ አወጣሁ።

"ረዝሟል መሰለኝ" አልሁት። "ልቁረጠው?"

"ቁረጠው።"

"የቱን?"

"ሁሉንም።"

አጥፌ መልሼ ኪሴ ከተትሁት። "እሺ፣ ምን ልበላቸው ታዲያ? አንተ ስንት መንደር አስተምረሃል። ከሁሉ የበለጠው ነገር ምንድን ነው? ማፍላቱ ነው? መክደኑ ነው? ቄሱን ማማከሩ ነው?"

ባየህ ፊቱን ወደኔ አዞረ።

"አንተ ያን ጊዜ አጎትህ ዘንድ ነበርህ፤ አላየህም። ለማንም ነግሬው አላውቅም። መንደራችሁ የገባሁ ዕለት እናትህ ደጅ ደረስሁ። ፀሐይ ነበር። ከወንዝ የተቀዳ ውሃ አቀረበችልኝ፤ በሁለት እጇ፣ አጎንብሳ። እኔ ወንድሞቼን ውሃ የፈጀብኝ ሰው ነኝ፤ ምን እንዳለበት አውቃለሁ። እምቢ ብላት ትምህርቴን ይዤ በመጣሁበት መመለሴን አወቅሁ። ጠጣሁት። በሦስተኛው ቀን ወደቅሁ፤ እናትህ አንሥታ ቤቷ አስገባችኝና እንደ ልጇ አስታመመችኝ። ስነሣ የምነግራትን ሁሉ ሰማችኝ። ሰው ያስተማረውን አይሰማም፣ ታፈረ፤ ራሱ ያስታመመውን ነው የሚሰማው። ስለዚህ ንግግሩን ተወውና፣ መጀመሪያ የሚሰጡህን ተቀብለህ ጠጣ። ትምህርቱ ይደርሳል።"